ስትጨርሺ ቀስቅሺኝ

ሰኞ 6

ቅዳሜ ዕለት መኪና መንዳት ለመማር ተመዘገብኩ። ለማንም ላልናገር ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ቴክኒሻኑ ሰምቶታል። ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ ሆኖ በጆሮ ማዳመጫዬ፣ «ለካ የመንገዷ ንግሥት እግረኛ ናት!» አለኝ። ልክ ልኩን ልነግረው አፌን ስከፍት ቀይ መብራቱ በራ። አየር ላይ ነኝ። «እንደምን አደራችሁ፣ ውድ አሽከርካሪዎች...»

በየጠዋቱ ለዚህ ከተማ ሾፌር ሁሉ የትኛው መንገድ እንደተዘጋጋ፣ በየት ዞሮ እንደሚያመልጥ በራዲዮ የምነግረው እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት ሆነኝ። የሾፌር ወንበር ላይ ግን ተቀምጬ አላውቅም። ድምፄን የሚለዩ የታክሲ ሾፌሮች «መኪናሽስ?» ሲሉኝ «ጋራዥ ገብታ ነው» እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከጋራዥ ያልወጣች መኪና!

ነገሩ የመጣው ወንድሜ ሥራው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ነው። እማዬ ጉልበቷን ቀዶ ሕክምና ካደረገች ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ እግሯን የሚያፍታቱላት ሆስፒታል ነው፤ እሱ ነበር የሚያመላልሳት። አሁን አባዬ ተረክቦታል። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ድመት እንኳ ገጭቶ አያውቅም። ታዲያ እኔ ለምን እንደምማር አልገባኝም። «ተማሪ» ያለችው እማዬ ናት። እሱ እምቢ ይላል ብዬ ተማምኜ ነበር። መሪ አስነክቶኝ የማያውቅ ሰው ቀና ሳይል «ትማር» አለ። አለቀልኝ።

ረቡዕ 8

የመጀመሪያ ትምህርት። አስተማሪው ከአፉ የማይለየው ቃል «ቀስ በይ» ስለሆነ ቀስበይ ብዬዋለሁ። መኪናዋ ቆማ ሳለች ሁሉ «ቀስ በይ» ይለኛል። ፍሪሲዮኑን ለቀቅ ሳደርግ ሞተሩ ይጠፋል፤ ለቀቅ፣ ጥፍት፤ ለቀቅ፣ ጥፍት። መዳፌ በላብ ርሶ መሪው ያዳልጠኛል።

«አይዞሽ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ።

«እንቁላል ፍሪሲዮን የለውም፣ ጋሼ።»

ትንሽ ቆይቶ «ድምፅሽን የት ነው የማውቀው?» ሲለኝ ጉሮሮዬን አወፍሬ «እንጃ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እስኪያልቅ እንደ ዘበኛ ሳወራ ቆየሁ።

እሑድ 12፣ ማታ

አባዬ በገዛ መኪናው ሊያለማምደኝ ከመጋዘኖቹ ኋላ ወዳለው ሜዳ ወሰደኝ። እሑድ ሰው ዝር አይልበትም። ወንበር ተቀያየርን፤ ቀበቶውን አሰረ፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋደለ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ልተኛ ነው። ስትጨርሺ ቀስቅሺኝ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ሐኪም በሽተኛውን እያየ ዓይኑን ቢጨፍን ምን ይባላል? ላየው ያልደፈረውን ነገር ነው እኔ የምነዳው። ግን አልተኛም። ዓይኑን እንደጨፈነ «ሁለተኛ አስገቢ፤ አታለቅስም እንዴ መኪናዋ?» ይላል። በሞተሩ ድምፅ ብቻ ስህተቴን ሁሉ ይለቅማል። አንዴ እንኳ ገልጦ አላየም። በጣም ብብስ ነው።

ቤት ስንገባ እማዬ «እንዴት ናት?» አለችው። «ጆሮ አላት» አላት። ስለ እጄና ስለ እግሬ ግን ምንም አላለም። ሻይ ሲቀዳ ከስኒው አልፎ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው፤ ያስደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ 14

ዛሬ ተረኛ ስላልነበርኩ ሆስፒታል አብሬያቸው ሄድኩ። ከኋላ ተቀመጥኩ። እማዬ ከቤት እስከ ሆስፒታል አፏ አልተከደነም።

«መብራቱ ቀላ። ሴትዮዋ ተሻገረች፣ ሂድ። ከፊትህ ያለው ፍሬን ያዘ። አንተ ሰውዬ፣ በግራ ሞተር ሳይክል! ጉድጓዱን ተወው፣ ወደ ቀኝ ነው።»

ሰውዬው በአውቶቡስ መሪ ላይ ሸብቶ፣ አሁን ገና መንዳት ታስተምረዋለች። እኔ ብሆን መኪናዋን መንገድ መሀል ትቼ እወርድ ነበር። እሱ «እሺ እመቤቴ፣ እሺ እመቤቴ» ብቻ። ትዳር ማለት ይሄ ከሆነ እንኳንም አላገባሁ። ሳስበው ግን ከእኔ ይልቅ የመንገድ ዜና አንባቢ መሆን የነበረባት እሷ ናት፤ እኔ እንኳ ጉድጓድ በጉድጓድ አልዘግብም።

እሑድ 19፣ ማታ

ሰው ልገድል ነበር።

ከሜዳው ወደ መንገዱ ልወጣ ቆሜያለሁ። ዝናብ አለ፣ የቀኙ መስኮት ደፍርሷል። «አባዬ፣ በቀኝ ሰው አለ?» አልኩት። ለአንድ አፍታ ዞር አለና «ነጻ ነው፣ ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ቀይ የዝናብ ልብስ የለበሰ ብስክሌተኛ አፍንጫችን ሥር! ፍሬን ረገጥኩ፤ ብስክሌተኛው የዘር ማንዘሬን ስም ጠርቶ አለፈ። አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። እጄን ያዘኝ። «ይቅር በይኝ» አለኝ። እኔን! ጥፋቱ የእኔ ሆኖ። ያን የሚያህል ቀይ ነገር እንዴት አላይም? በሌላ ሰው ዓይን የምነዳው እስከ መቼ ነው?

ስንገባ ባለ ውሻው ጎረቤታችን በር ላይ ቆሞ ነበር። የቀኙ በር ላይ ረጅም ጭረት አየና «ልጅቷ መኪናዋን ፈጀቻት» አለ፣ ለውሻው የሚነግር መስሎ። የት እንዳስነካሁት አላስታውስም። አባዬን አየሁት። ጭረቱን ሳይሆን መሬቱን እያየ «ጀማሪ ናት፤ ይለቃታል» አለ።

ሐሙስ 23

የኋላ መብራት ተሰብሯል። እኔ ነኛ፣ ሌላ ማን ይሆናል። አባዬ «ያ ግንብ ይሆናል» አለኝ። የትኛው ግንብ? ሜዳው ላይ ግንብ መኖሩንም አላስተዋልኩም። ግንብ የማታይ ሴት መንጃ ፈቃድ ልታወጣ።

ሰኞ 27

ከነገ ወዲያ ፈተና። ምግብ አይወርድልኝም። ማይክሮፎን ፊት ግማሽ ከተማ እየሰማኝ ሆዴ አይረበሽም፤ ቀስበይ አጠገብ ግን አፌ ይደርቃል። ዛሬ በመጨረሻ አወቀኝ፤ «አንቺ ያቺ የራዲዮዋ ነሽ! እንዴት መሪ ትፈሪያለሽ?» ቢለኝ ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እማዬ ስልክ ላይ ከአክስቴ ጋር ስታወራ ሰማሁ። «ብታልፍ ብዬ ስለት ተስያለሁ፤ አንቺ አታውቂም ምን እንደምሰጋ» ትላለች። የምትሰጋው ለእኔ ነው። በኮሪደሩ በእግሬ ጣት እየረገጥኩ ተመለስኩ።

ረቡዕ 29

ወደቅኩ። ወደ ኋላ ስገባ ምልክት ሆኖ የቆመው የፕላስቲክ ኮን ከመኪናው ሆድ ሥር ገብቶ አብሮኝ ሄደ። ፈታኙ በመስኮት አጎንብሶ፣ «እመቤት፣ ንብረታችንን ይመልሱልን» አለኝ። ሰልፍ የያዙት ተፈታኞች በሳቅ ፈረሱ። ድምፄን ያወቀ አንዱ «መንገዱ ተዘጋግቷል!» ብሎ ጮኸ።

ከእንግዲህ መሪ ብነካ እጄ ይቆረጥ።

እሑድ 3

አባዬ ቁልፉን እያቅጨለጨለ «እንውጣ እንጂ» አለ። አልወጣሁም። እንደገና መጣ። አልወጣሁም። እማዬ ከበሩ ሥር ቆማ «ልጄ፣ ስለ እኔ ስትይ» አለችኝ። «አባዬ እያለልሽ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?» አልኳት። አየችኝ፣ አየችኝና ወደ ክፍሏ ገባች።

ዓርብ 8

ደግ ቀን! እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ጠዋት ስወጣ እማዬ ጉልበቷ ሌሊቱን አላስተኛት ብሎ ጠንካራውን ክኒን ስትውጥ ነበር። አራት ሰዓት ላይ፣ የመጨረሻውን ዜና ላነብ ስል አንድ አድማጭ ደወለ። በሆስፒታሉ መንገድ ያለው አደባባይ ላይ አንዲት አሮጌ መኪና ዙሪያውን በመዞር ፈንታ ቀጥ ብላ አበባው ውስጥ ገብታ ቆማለች፤ ሰው አልተጎዳም አለ። ቀይ መብራቱ በራ። አነበብኩት። ከዚያ ምላሴ አላስቀምጠኝ አለ፤ «ሹፌሩ አበባ ሊቀጥፉ የወጡ ይመስላል። ውድ አሽከርካሪ፣ አበባ ከሱቅም ይገኛል፤ እዚያ መኪና ማቆሚያ አለው!» ቴክኒሻኑ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ከእኔ የባሰ ሹፌር መኖሩን ሳውቅ አንጀቴ ራሰ። ቀኑን ሙሉ በገዛ ቀልዴ ስስቅ ዋልኩ።

ማታ። አባዬ ሁልጊዜ ዜናዬን ይገመግማል፤ «ድልድዩ ጋ ያልሽው ልክ አይደለም፣ በታች በኩል ማምለጫ አለ» ይላል። ዛሬ ዝም።

«አልሰማኸኝም እንዴ?»

«ሰማሁሽ» አለና ራዲዮውን ከሳሎን አንስቶ ጓዳ ከተተው። እማዬ ዓይኗ ቀልቷል። «ዛሬ መንገድ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ» አለች፣ ስትሰርቅ የተያዘች ይመስል። ክኒኑ ነዋ፣ ምን አለበት፣ አልኳት።

ቅዳሜ 9

መኪናዋን ላጥብላቸው ወጣሁ። የፊት መከላከያዋ በቀኝ በኩል ጎብጧል፤ ሥሩ ቀይ አፈር ተለጥፏል።

«አባዬ፣ ይሄ የመቼ ነው?»

«የቆየ ነው። ያንቺ ይሆናል፤ ጀማሪ አይደለሽ?»

ይሆናል። ከፈተናው በፊት ይሆናል። ኮኑን ይዤ የሄድኩት በትምህርት ቤቱ መኪና ነው፣ እሱ አይደለም። ከፈተናው ወዲህ ደግሞ አልነካኋትም። አፈሩን በውሃ ሳስለቅቅ ከታርጋው ኋላ አንድ ቢጫ አበባ ወጣ፣ ከነዘንጉ።

ትኩስ ነው።

እሑድ 10፣ ማታ

አባቴ ዓይኑ እየጠፋ ነው። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ጭረቱ የእኔ አይደለም። የኋላ መብራቱም አይደለም። ሜዳው ላይ ግንብ እንደሌለ ዛሬ በእግሬ ሄጄ አረጋገጥኩ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይላሉ፤ ዳዋዋ ሆኜ ስመታ ከርሜያለሁ፤ ደግሞ እኮ አመስግኜ። አልተናደድኩም ልል ነበር፤ ውሸት ነው፣ በጣም ተናድጃለሁ። ደግሞ ሰውዬው ራዲዮ ከፍቶ አበባው መሀል ቆሞ የገዛ ልጁ ስትሳለቅበት መስማቱን ሳስበው ምላሴን በጥርሴ ልቆርጠው እፈልጋለሁ።

እማዬን ወጥ ቤት ያዝኳት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

መካዱን አልሞከረችውም። «ወንድምሽ ከመሄዱ በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እሱ ለእኔም አልነገረኝም። አንድ ቀን ገበያ ሲወስደኝ መብራት ጣሰ። በማግስቱ ዝም ብዬ መንገዱን መንገር ጀመርኩ። እሱም ዝም ብሎ እሺ ይለኛል። ሐኪም ጋ ሂድ ስለው መነጽሬ ቆሽሾ ነው ይላል።» ከዚያ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ «ውሰዱልኝ ብሎ ቁልፉን መስጠት አይችልበትም። የሚቀበለው ሰው ከመጣ ግን...» አለችና ተወችው።

ሲመሽ ቁልፉን ከተሰቀለበት አንስቼ የልብስ ስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ደበቅኩት።

ማክሰኞ 12

ጠዋት መሳቢያውን ከፈትኩ፤ ቁልፉ የለም! ነፍሴ ወጣች። አባዬ ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጥግ እስከ ጥግ እየዳበሰ ይፈልጋል። ዳር ላይ የፀሐይ መነጽሬ ነበር፤ እጁ ሲነካው በጥንቃቄ አንስቶ መሀል አስቀመጠልኝ። ቆሜ ላየው አልቻልኩም።

እማዬ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጠቀሰችኝ። የጉልበቷን ማሰሪያ ከፈት ብታደርገው ቁልፉ እዚያ ውስጥ! መሳቢያው አላስተማመናትም፤ ሌባ ለሌባ ሆነን ቀረን።

በታክሲ ሄዱ። አባዬ በር ላይ «የመኪና ቁልፍ በእኔ ቤት ጠፍቶ አያውቅም» አለኝ። «እኔ ነኛ ያጠፋሁት፣ ጀማሪ አይደለሁ?» አልኩት። ነገሩ በቀልድ ነበር የተነሳው፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ቀልድነቱ ጠፋ። ትክ ብሎ ወደ ድምፄ ዞረ።

ዛሬ ተረኛ አይደለሁምና፣ እነሱ እንደሄዱ ቀስበይ ጋ ደወልኩ። ለራሴ የማልኩትን መሐላ ለራሴ ፈታሁት።

ሐሙስ 14

ሞተሩ አሁንም ይጠፋብኛል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ሆነ። ዳገት ላይ ቆመን፣ ከኋላ መኪና ተደርድሮ ጥሩምባውን ሲያንባርቅ ትንፋሼ እጥር እጥር አለ። ድንገት እማዬ ትዝ አለችኝ። አፌን ከፍቼ በራዲዮ ድምፄ ጀመርኩ፤ «በዳገቱ ላይ የትራፊክ ፍሰቱ ለጊዜው ቆሟል። ምክንያቱ አንዲት ጀማሪ ናት። የእጅ ፍሬን እየወረደ ነው። ነዳጅ ተሰጥቷል። ፍሪሲዮን ቀስ እያለ በመለቀቅ ላይ ይገኛል...» መኪናዋ ወጣች። ሞተሩ አልጠፋም።

ቀስበይ አፉን ይዞ ቀረ። ኋላ ላይ «ፍጠኚ» አለኝ። «ፍጠኚ» የሚል ቃል ያውቃል ለካ።

እሑድ 17

ሜዳው። ባዶውን የእሑድ መንገድ እኔው ነድቼ ደረስን፤ አባዬ ቁልፉ እንዴት ከእኔ ዘንድ እንደተገኘ አልጠየቀም። ወንበሩን አጋደለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ «ስትጨርሺ ቀስቅሺኝ» አለ። ዛሬ ስድብ ሆኖ አልተሰማኝም። ሳይጨፍን ቢቀመጥ ኖሮ ዓይኑ እንደማያይ ያኔውኑ አውቅበት ነበር። እንባ ዓይኔን ጋረደው፤ ዝናብ መስሎኝ መጥረጊያውን ከፈትኩ። ዝናብ አልነበረም። የደረቀ መስታወት ሲፋቅ «ምነው?» አለኝ። «ተሳስቼ ነው» አልኩት።

ረቡዕ 20

አለፍኩ!!

ያው ፈታኝ ነው። እንዳየኝ ኮኖቹን በዓይኑ ቆጠራቸው። ከመነሻው እስከ መድረሻው አወራሁ፤ መብራቱን፣ እግረኛውን፣ መሀል መንገድ የቆመችውን ውሻ፣ ሁሉንም።

«ይቅርታ፣ ለማን ነው የሚያወሩት?» አለኝ።

«ለአድማጭ።»

ሲፈርም «ሁለተኛ ሲያስገቡ ትንሽ ያዘገያሉ። ዜናው ግን ጥሩ ነው» አለ። ቴክኒሻኑ ነገ ኬክ እንደሚያመጣ ዝቷል፤ በላዩ ላይ ኮን አሠርቶበት እንደሚሆን አውቃለሁ።

ዓርብ 22፣ ማታ

ጠዋት ተረኛ አልነበርኩም። ቁልፉን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «አባዬ፣ ዛሬ እኔ ልንዳ?» አልኩት፣ እንደ ልማዴ ማሾፍ አቅቶኝ። ኮቱን ለበሰ፤ የሾፌሩን በር በእጁ ፈልጎ ከፈተልኝ። ከዚያ መኪናዋን እየዳበሰ በፊት በኩል ዞረ። የጎበጠው መከላከያ ላይ ሲደርስ እጁ ትንሽ ቆመ።

ባለ ውሻው ጎረቤታችን ብቅ አለ። «አሁንም እየገጨሽ ነው?»

«እየገጨሁ ነው፤ ውሻህን ያዝ!» አልኩት። አባዬ አንገቱን ቀና አደረገ፣ ሊናገር አሰበና ገባ።

እማዬ ከኋላ እግሯን ዘረጋች። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሳንደርስ ማንኮራፋት ጀመረች፤ ክኒን እንኳ አልወሰደችም። አባዬ ማመላለሱን ከተረከበ ወዲህ፣ ከዚያች ዓርብ በቀር፣ በዚህ መንገድ ዓይኗን አልከደነችም። አባዬ ወንበሩን አላጋደለም። ዓይኑን አልጨፈነም። ዝም ብለን ሄድን፤ አደባባዩ ጋ ስንደርስ ፍጥነት ቀነስኩ። በቀኝ በኩል አበባው ተደፍጥጦ ጎማ የሄደበት መስመር እስካሁን ይታያል። ላልፈው ስል፣

«አበባ አልቀጠፍኩም» አለ አባዬ።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ቀልዱ ግን ጥሩ ነበር። ብቻዬን ስቄያለሁ፤ በኋላ ነው እንጂ፣ ያን ዕለት አልሳቅኩም።» ጉልበቱን በመዳፉ አሻሸ። «እናትሽ ስትታሽ እኔ ሁለተኛ ፎቅ እወጣለሁ፤ የዓይን ሐኪም አለ አሉኝ። ታሳይኛለሽ፣ ደረጃውን።»

«አሳይሃለሁ።»

መብራቱ ጋ ቆምን። ስነሳ ሞተሩ ጠፋብኝ፤ ከኋላ ጥሩምባው ቀለጠ። እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። አባዬ የእጄን አንጓ ፈልጎ ያዘው።

«ይጮሁ፣ ምን ገዶሽ» አለ። «ይልቅ ንገሪኝ እስቲ። እንደ ራዲዮው። ምን አለ ከፊታችን?»

ሞተሩን አስነሳሁና ነገርኩት።